ሾፌሯና ማግኔቱ

አየር ጤና፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ደግፌ፤

እንደምን ከረሙ? የእናቴስ ጉልበት እንዴት ሆነ? ለመስቀል ሳልመጣ መቅረቴ ሳያንስ ይኸው እስከ ዛሬ ድምፄን አጥፍቼ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእርስዎ እንዳልደውል ጆሮዎ ከስልክ ጋር ከተለያየ ቆየ። ለእናቴ እንዳልደውል ደግሞ ገና «ሃሎ» ስል ሁሉንም ታውቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።

በክብሮም እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የወልቂጤ ተሳፋሪዎቹን አራግፎ እቤት ድረስ አመጣልኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። የጠየቁኝን ሁሉ ለመመለስ ዛሬ አቅም የለኝም። አንዱን ብቻ ልመልስ። አውቶቡሱ አልተጋጨም። ያወሩልዎት ሰዎች ተሳስተዋል። ሰው አልተጎዳም፣ መስታወት እንኳን አልተሰነጠቀም። 18 ማዞሪያ ጋ ስደርስ ቆመ፤ ሌላ ሾፌር መጥቶ ወሰደው። ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልገባሁም። ድርጅቱ የሕመም ፈቃድ ሰጥቶኛል። ኪዳን ምሳዬን ሠርቶልኝ ነው ጋራዥ የሚሄደው። እኔ እተኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን አይደለም።

እባክዎ ሽማግሌ እንዳይልኩ። ከባሌ ከኪዳን ጋር አልተጣላሁም። እንዲያውም የሚጣላው ሰው አጥቶ ነው የተቸገረው።

ልጅዎ ሰርኬ


እምድብር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰርኬ፤

ሰላምታዬ ከእንሰቱ ጓሮ ተነስቶ አየር ጤና ይግባልሽ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲመጣ ይሟገታል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይታረቃል።

ሽማግሌ አልልክም። ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። «እተኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን አይደለም» ያልሽው ላይ ስደርስ «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ለምን እንዳየችኝ ልንገርሽ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ አባትሽን ወባ ይዞት ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ወባ አልነበረም። ጆሮዬ ደክሞ የጭነት መኪናውን ያስረከብኩበት ዓመት ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። መብላትም፣ መናገርም፣ እናንተን ማየትም ከበደኝ። እናትሽ ለጠያቂው ሁሉ «ወባ ነው» አለች፤ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም። እንዴት እንደተነሳሁም አላውቅም፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ልነግርሽ አልችልም። ስንፍና ነው የሚልሽ ሰው ካለ ግን ውሸታም ነው። ስንፍናንማ አውቀዋለሁ፤ ስንፍና ደስ ይላል።

አሁን የሾፌር ጥያቄ ልጠይቅሽ። አውቶቡስ ዝም ብሎ አይቆምም። ሞተሩ ነው? ነዳጅ ነው? ወይስ ፍሬኑ ነው?

አባትሽ ደግፌ


አየር ጤና፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፤

ሞተሩም ነዳጁም ፍሬኑም ደህና ነበሩ።

ደብዳቤዎን ትራሴ ሥር አድርጌ ሰነበትኩ። እርስዎ የእርስዎን ከነገሩኝ እኔ የኔን ብደብቅዎት ነውር ነው። ይህን ለእናቴ አያንብቡላት፤ ወይም እርስዎ እንደሚሻል አድርገው ያንብቡት።

የዚያን ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ካፊያ ነበር፤ አስፋልቱ ያንሸራትታል። ከብዙ ሳምንታት ወዲህ ውስጤ ባዶ ነበር፤ እጄ ማርሽ ይቀይራል፣ እግሬ ይረግጣል፣ እኔ ግን የለሁም። ወደ ማዞሪያው ስንወርድ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። መሪውን አታዙሪው አለኝ። ጩኸት አልነበረም አባቴ፤ ዕረፍት የሚሰጥ ምክር ይመስል ነበር። ደስ አለኝ ብዬ ብነግርዎት ያምኑኛል? ያስፈራኝም ደስ ማለቱ ነው።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ጎመን የታቀፉ ሴትዮ ከልጃቸው ጋር እየሳቁ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፣ ዳር አወጣሁት፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ለትኬት ቆራጯ ለጸሎት ሰጠኋት።

«ያዢው። ብለምንሽም እንዳትመልሺልኝ» አልኳት።

ሕዝቡ ጮኸ። «ሾፌር፣ ምን ሆነሽ ነው? እንሂድ እንጂ፣ ሥራ አለብን!» ይላል። ጸሎት ዓይኔን አየች። ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ተበላሽቷል፤ ውረዱ!» አለች። ወረዱ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ኪዳን ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ዶክተሯ ቤተልሄም ትባላለች፣ የአእምሮ ሐኪም ናት። የበሽታውን ስም ነገረችኝ፤ ድብርት አለችው። ቃሉ አነሰብኝ። ሰው ዝናብ ሲዘንብ ደበረኝ የሚለውን ያህል አድርጌ ነበር የማውቀው። ሦስት ዓይነት መድኃኒት በየተራ ሞከርን። አንዱ እጄን አንቀጠቀጠኝ፣ ሌሎቹ ምንም አላሉኝም። አሁን ዓለም ባንክ ሰፈር ባለ ክሊኒክ አንጎልን በማግኔት የሚቀሰቅስ ማሽን አለ፣ እንሞክረው ብላኛለች። ኪዳን ፈርቷል። እኔ አልፈራሁም፤ ለመፍራትም ጉልበት ይጠይቃል።

እርስዎስ ምን ይላሉ?

ሰርኬ


እምድብር፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ብቻዬን ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። ለእናትሽ ግን ሳላሻሽል ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ጸሎት የምትባለዋን ልጅ መረቀቻት፣ ምርቃቱ እስካሁን አላለቀም።

ከጅማ ዳገት እስከ አሰብ ወደብ ነድቻለሁ። ጭነት ገፍቶኝ፣ ጭጋግ ውጦኝ፣ ፍሬን ተበጥሶብኝ ያውቃል። ጓደኞቼ ጎበዝ ሾፌር ነበር ብለው ያወሩልኛል። እንደዚያ ያለ ፍሬን ግን አልያዝኩም። የያዘም አላውቅም። ተሳፋሪው «ተበላሸ» ብሎ ተራግሞሽ ሄዷል፤ ማን እንዳተረፈው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ እግዜርም ያውቃል።

ማግኔት ስትዪኝ እኔ የማውቀው የዲናሞውን ነው። ባትሪሽ ደክሟል ማለት ነው እንጂ ሞተርሽ ነክሶ አልቆመም። ግቢ። ጸሎቱን እኛ እንይዝልሻለን፤ ማሽኑን አንቺ ያዢ። ግን ንገሪኝ፤ ያስሩሻል? ኮረንቲ ነው? ከዚያ ስትወጪ ራስሽን ታውቂያለሽ?

ደግፌ


አየር ጤና፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፤

መልስ ያዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ እስካውቅ ነው። አሁን የሚጻፍ ነገር አለኝ።

አያስሩኝም። የጥርስ ሐኪም ወንበር የመሰለ ላይ እቀመጣለሁ። ጉትቻዬንም የጸጉር ሽቦዬንም አውልቄ ነው የምገባው፣ ብረት አይፈቀድም። ስምንት ቁጥር የሚመስል ነገር ግንባሬ ላይ በግራ በኩል ያስጠጉና ይመታል፤ ጠጠጠጠጠ፣ ዝም፤ ጠጠጠጠጠ፣ ዝም። ግንደ ቆርቁር ዛፍ ሲቆረቁር ሰምተው ያውቁ የለ? ዛፉ እኔ ነኝ። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ ጆሮ መድፈኛ ይሰጡኛል፤ እርስዎ ቢሆኑ ባላስፈለገዎት። መጀመሪያ ቀን ልኬን ሲፈልጉ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ሳላዘው ዘለለ። ኪዳን «በስመ አብ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

የባትሪውን ነገር ለዶክተር ቤተልሄም ነገርኳት። ሳቀችና «ባትሪ ቢሆንማ በአንድ ቀን ሞልተን እንልክሽ ነበር» አለችኝ። ማግኔቱ ሥራውን የቀነሰውን የአንጎል ክፍል ነው የሚቀሰቅሰው፤ ደጋግሞ ሲቀሰቀስ ነው የሚለምደው አለች። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ሄድኩ። ስወጣ ራሴን አውቃለሁ። ትንሽ ራስ ምታት አለው፣ እሱም እያደር ቀለለኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልነበረም። ለኪዳን «ግድግዳ ነው የሚቆረቁሩት» እለው ነበር። ሄድኩ፤ የሄድኩት ስለማምን ሳይሆን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ጃኬቴን ይዞ ስለሚጠብቀኝ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከክሊኒኩ በታክሲ ስንመለስ ሾፌሩ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሊወጣ ታገለ። ሞተሩ ያቃስታል። እኔ ሳላስበው «ኧረ ወደ ሁለት መልሳት! ገደልካት እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ «እናት፣ ትነጂያለሽ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፤ ካንተ እሻላለሁ» አልኩት። ኪዳንን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ያለቅሳል። ተናድጄ እኮ ነው አባቴ! መናደድ እንዲህ ደስ ይላል?

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ነገር ይመለሳል። ሽንኩርት ሲጠበስ ሸተተኝ። የጎረቤት ልጆች ሲጣሉ አሳቁኝ። ዶክተሯ አሁን እያራራቅን በየጊዜው ብቅ በዪ ብላኛለች። እኔ ግን ድኛለሁ። ድኛለሁ ብዬ መጻፌን ራሱ አላምነውም።

ሰርኬ


እምድብር፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰርኬ፤

ደብዳቤሽ በፋሲካ ማግስት ደረሰን፤ ሁለት ፋሲካ አደረግን። የታክሲውን ሾፌር ነገር መንደሩ ሁሉ ሰማ። እናትሽ እንግዳ ስትሸኝ «ወደ ሁለት መልሳት» ማለት ጀምራለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም።

ስለ ሐኪሟ ጽፈሽ ስለ ቀጠሮው ግን አልጻፍሽም። ሄድሽ?

ደግፌ


አየር ጤና፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፤

አልሄድኩም። ጤነኛ ሰው ማሽን ሥር አይቀመጥም ብዬ ቀረሁ። ሰዉም «ከዳንሽ ምን ትሠሪያለሽ፣ ተመስገን በዪና ተዪው» አለኝ፤ እኔም መስማት የምፈልገው እሱን ነበር።

ተመልሶ መጣ። ይህችን ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ ነው። ለአዲሱ ዓመት አትጠብቁኝ። ይቅር በሉኝ።

ሰ.


እምድብር፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰርኬ፤

በደህና ገባሁ። ክብሮም ከፊት አስቀምጦኝ፣ በየዳገቱ ማርሽ ሲቀይር እያየኝ መጣ። ማን ምን እንደነገረው አላውቅም።

እናንተ ቤት በቆየሁበት ጊዜ ብዙ አልተነጋገርንም። አንቺ መናገር ከብዶሽ፣ እኔ መስማት አቅቶኝ፣ ጥሩ ጥንድ ነበርን። ያየሁትን አሁን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ከውስጥ ሆነሽ ስለማታይው።

ከመምጣቴ በፊት ያሰብኩት እንዲህ ነው። ወደ ማሽኑ መመለስሽን ስሰማ፣ ልጄ በማሽኑ አምናለች፣ ስለዚህ ትሄዳለች አልኩ። መጥቼ ሳይ ግን ሌላ ሆነ። ጠዋት ኪዳን ጫማሽን ሲያስርልሽ እግርሽ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር። ፊትሽ ላይ ተስፋ ፈለግኩ፤ አልነበረም። ቢሆንም ተነሳሽ። በሚቀጥለውም ቀን ተነሳሽ። ተስፋ ያለው ሰው ቢሄድ ምን ይገርማል? አንቺ ግን ያለ ተስፋ ነው የሄድሽው። እኔ በዚያ ክረምት ከአልጋ እስከ ደጃፍ መሄድ አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ የሄድሽውን መንገድ ርቀቱን ካንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳለ እኔ መዳፌን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ነበር። ድምፁን አልሰማሁም። በወንበሩ በኩል ግን ትር ትር ሲል ተሰማኝ። እንግዲህ ሥራህን ሥራ አልኩት።

ስትወጪ እኔ ከዶክተሯ ጋር ወደኋላ ቀርቼ ነበር። ምን እንዳልኳት ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም። «እስከ መቼ ነው?» አልኳት። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፣ ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። እሷ አልጮኸችብኝም። ወረቀት አውጥታ ቁጭ ብላ ጻፈችልኝ፤ «አባት፣ እርግጡን አላውቅም። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ለሰርኬ ግን አንዴ ሠርቷል። ሲሻላት እንደ ፊተኛው አናቋርጥም፤ እያራራቅን እንቀጥላለን። ለዓመታት ሊሆን ይችላል» አለች።

«ለዓመታት ማሽን ሥር የምትቀመጥ ሰው ዳነች ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳት።

እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «እርስዎ ጭነት መኪናዎን ሲነዱ ዘይት የሚቀይሩት ሲበላሽ ብቻ ነበር?»

ሳቅኩ ልጄ። ተያዝኩ። አላውቅም ብላ መጻፏን ግን ከዘይቱ ይልቅ ወደድኩት። አላውቅም የሚል ሐኪም ሲያውቅ ይታመናል።

ደግፌ


አየር ጤና፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፤

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ብዙ ሳምንት ፈጀ። እንደ መጀመሪያው አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ብርሃን አልበራልኝም። ጠዋቱ ትንሽ ቀለለ፣ ከዚያ ምሳው ቀለለ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኪዳን «ታውቂያለሽ፣ ዛሬ ጫማሽን ራስሽ ነው ያሰርሽው» አለኝ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

አሁን በወር አንዴ ነው የምሄደው። ሲሻለኝ እሄዳለሁ፣ ሲከፋኝም እሄዳለሁ። መድኃኒትም አንድ አለኝ፣ እሱንም አላቋረጥኩም። ክሊኒኩ ካሉት ታካሚዎች ጋር ተላምደናል። አንዷ ሴት ማሽኑ አልሆናትም፤ ሌላ ሕክምና ጀመረች፣ ግን እኛን ለመጠየቅ ብላ ብቻ ትመጣለች። እንዴት ያለ ልብ እንዳላት ቢያዩ።

ስለ ሥራው ለጠየቁኝ፤ አዎ፣ ወደ ሥራ መመለሴን የሚያየው የድርጅቱ ኮሚቴ ጠራኝ። ኪዳን የማግኔቱን ነገር አትንገሪያቸው ብሎኝ ነበር። «እብድ ናት ብለው ለሁልጊዜ ያወርዱሻል» አለኝ። መንገድ ሙሉ አሰብኩበት። ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያን ጠዋት ጭምር። ለምን አውቶቡሱ እንደቆመ ከእርስዎ፣ ከእናቴ፣ ከኪዳንና ከሐኪሟ ሌላ የሰማ አልነበረም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ «ሕክምናውን ብታቆሚ ይመለስብሻል?» አሉኝ።

«ሊመለስ ይችላል። አንዴ አቁሜ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። «ለዚህ ነው የማላቆመው። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ መንዳት በማይችልበት ቀን ቁልፉን አስረክቦ የሚወርድ ሾፌር ስንት አላችሁ?»

የሐኪሟን ደብዳቤ ተቀብለው፣ እናሳውቅሻለን ብለው ሸኙኝ። እስካሁን አላሳወቁኝም። ቢከለክሉኝም ግን አልተጸጸትኩም።

ሰርኬ


እምድብር፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ለኮሚቴው የተናገርሽውን ለእናትሽ አነበብኩላት። ሲያልቅ «እኔ ወባ ነው እያልኩ ስንት ሰው ሸኘሁ፤ እሷ ስሙን ጠርታ ፊታቸው ተናገረች» አለችኝ። ከዚያ ወጥታ ጠላ ጠምቃ ለምትኖረው ጎረቤታችን ነገረቻት፤ የእሷ ወንድ ልጅ ከዓመት በላይ ከቤት አልወጣም። ነገ ወልቂጤ ሆስፒታል ይዘውት ይሄዳሉ። ማሽን እዚያ የለም፤ ሐኪም ግን አለ ተብሏል።

ቢመልሱሽም ባይመልሱሽም ሾፌር ነሽ።

ደግፌ


አየር ጤና፣ የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፤

የእርስዎና የእናቴ ጤና እንዴት ነው? እኔ ነድቼ ገብቼ ነው የምጽፍልዎት፤ እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

የጠየቁኝን ልመልስ። ኮሚቴው መጀመሪያ ግቢ ውስጥ አውቶቡሶችን ማንቀሳቀስ ብቻ ፈቀደልኝ። ከዚያ ሌላ ሾፌር ከጎኔ ተቀምጦ መንገድ ወጣሁ። ከገና በኋላ ብቻዬን ሰጡኝ፤ ከዓለም ባንክ ወደ መርካቶ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ተሳፈረ፣ ትኬት ቆረጠ፣ ተጋፋ፣ ተጨቃጨቀ፣ ወረደ። ማንም ልብ ብሎ አላየኝም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎት አልችልም።

መጥፎ ቀኖች አሉኝ። ሲመጡ ለኪዳን እነግረዋለሁ፣ ለዶክተሯ እደውላለሁ፤ ባለፈው ጥር ቀጠሮዬን ትንሽ አቀራረብናት። በነጋታው ሥራ ገባሁ።

አሁን የዛሬውን ልንገርዎት፣ ለሌላ ሰው ግን አይንገሩብኝ። እዚህ ቀዳማዊ የሚባል ሾፌር አለ። ግዙፍ ነው፣ ድምፁ ግቢውን ያንቀጠቅጣል፣ ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ይፈሩታል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ የአውቶቡሴን ጎማ የሚያይ መስሎ መስኮቴ ሥር መጣ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ሰርኬ... ያ ማግኔቱ» አለኝ። «አናት ይላጫል እንዴ?»

ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁት፤ ተውኩት።

«አይላጭም» አልኩት።

«ባይሠራስ?»

«ሌላ ይፈለጋል። እኔ ሦስት መድኃኒት አልሆነኝም ነበር።»

ጎማውን እንደገና መታው። «ሚስቴ አታውቅም» አለኝ።

«እኔም አባቴ አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ሐኪሟ ታይህ፤ ማግኔቱ ላንተ መሆን አለመሆኑን እሷ ትነግርሃለች። ማክሰኞ ተራዬ ነው፤ አብረን እንግባ።»

ቆቡን አጥልቆ ሄደ። አይመጣም ብዬ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ክሊኒኩ ስደርስ ከበሩ ማዶ፣ ከስልክ እንጨቱ ጋር ተጣብቆ ቆሟል፤ ያን የሚያክል ሰውዬ የተደበቀ መስሎት። አስገባሁት። ዶክተር ቤተልሄም ስታናግረው ቆየች። የኔ ተራ ደርሶ፣ ተቆርቁሬ፣ ጉትቻዬን መልሼ አድርጌ ስወጣ አሁንም ውስጥ ነው። ጠበቅኩት። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ቆቡ እጁ ላይ ነው።

«ነገም ና ብላኛለች» አለኝ። «ሚስትህንም ይዘህ ና አለችኝ።»

«ትመጣለህ?»

«አንቺ ታደርሺኛለሽ?» አለ።

አባቴ፣ ነገ ፈረቃዬ ከሰዓት ነው፤ ጠዋቱ ነፃ ነኝ። አደርሰዋለሁ።

ክብሮም ውጭ ጥሩንባ እየነፋ ነውና እዚህ ላይ ላቁም። እናቴን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ሰርኬ ደግፌ